ቆሞ መብላት ነውር ነው ያለው ማነው?

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም፤ ስለ ማትሪክ ውጤትም አላወራም። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ድንች፣ ስለ ሳምቡሳ፣ ስለ ቆሎና ስለ በቆሎ ነው። አትሳቁ! ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። መንገድ ዳር የሚሸጠውን ምግብ ሁላችንም እንበላዋለን፤ ግን እናፍርበታለን። የሚሸጡትን ሴቶች በስም እናውቃቸዋለን፤ ግን «ተነሱ» ሲባሉ ዝም እንላለን። እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ ምግብ ልንኮራበት የሚገባ ነው። ጉድለት የለበትም ወይ? አለበት። ጉድለቱ ግን የሚስተካከለው ሰውን በማባረር ሳይሆን ቦታና ውሃ በመስጠት ነው።

ነገሩን ያነሳችብኝ ሪያድ የምትሠራ የድሮ ተማሪዬ ናት። ከኩታበር፣ ከደሴ ዙሪያ፣ ከቃሉ፣ ከወረባቦ ስንት ልጅ ዓረብ አገር እንዳለ እኔ የምነግራችሁ አይደለም፤ ያልሄደበትን ቤት መቁጠር ይቀላል። እዚያ ደሞ የወሎ ልጅና የፊሊፒንስ ልጅ ብዙ ጊዜ በአንድ ማድቤት ነው የሚውሉት። ልጅቷ በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ስለ አገሯ የመንገድ ምግብ ማውራት ከጀመረች ማን ያስቆማታል! ፎቶ ታሳየኛለች፣ ትስቃለች፣ ቆይታ ደሞ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ‹እናንተስ መንገድ ላይ ምን ትበላላችሁ?› ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ‹እኛ መንገድ ላይ አንበላም፣ ባህላችን አይደለም› አልኳት።»

ብቻዬን ሳቅሁ። ይቺ ልጅ በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁለት ድንች በሚጥሚጣ ሳትበላ ክፍል የገባችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ግን አልፈረድኩባትም። የመለሰችው እኛ ያስተማርናትን ነው። «ቆሞ መብላት ነውር ነው»፣ «መንገድ ላይ የሚበላ ሰው ክብር የለውም»፣ «ሰው ዓይን አለው፣ ተሸፍነሽ ብይ» እያልን ነው ያሳደግናቸው።

እስቲ መጀመሪያ የፊሊፒኖቹን እንይ።

ፊሊፒንስ ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያሏት፣ ከ300 ዓመት በላይ በስፔን ሥር የቆየች አገር ናት። ከስፔኖቹ የወረሱት አንድ ልማድ አለ፤ «ሜሪየንዳ» ይሉታል። እኛ መክሰስ የምንለው ማለት ነው። ታዲያ መክሰሱ በብዛት የሚገኘው ጎዳና ላይ ነው። የተፈጨ ዓሣ በዱቄት ተለውሶ፣ እንደ ትንሽ ኳስ ተድቦልቡሎ በዘይት ይጠበስና በቀጭን እንጨት ይሰካል። ሙዝ በስኳር ይጠበሳል። የድርጭት እንቁላል ብርቱካንማ ሊጥ ለብሶ ይጠበሳል። የዶሮ አንጀት በደንብ ታጥቦ፣ በእንጨት ተሰክቶ ፍም ላይ ይገላበጣል። ጠዋት ጠዋት ከአኩሪ አተር የተሠራ ለስላሳ ጣፋጭ በሁለት ባልዲ በትከሻው ተሸክሞ «ታሆ!» እያለ የሚዞር ሻጭ አለ። ማታ ማታ ደግሞ «ባሉት!» የሚል አለ። ባሉት ማለት ውስጡ ጫጩት መሆን የጀመረ የዳክዬ እንቁላል ነው፤ ቀቅለው በጨው ወይም በኮምጣጤ ይበሉታል። የኛ አገር የማታ እንቁላል ሻጭ ልጅ ይሄን ቢሰማ ሥራውን የሚተው ይመስለኛል!

ስም አወጣጣቸው ደሞ ያስቃል። የተጠበሰ የዶሮ እግር «አዲዳስ» ይባላል። የዶሮ ጭንቅላት «ሄልሜት»። በአራት ማዕዘን የተቆረጠው የረጋ ደም ደግሞ «ቤታማክስ»፤ የድሮውን የቪዲዮ ካሴት ስለሚመስል። ደሙንም ባሉቱንም እኛ ጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚነካው አይደለምና ይቅርብን። እኔን የገረመኝ ምግቡ ሳይሆን አለማፈራቸው ነው። አንጀትና የዶሮ እግር እኮ የደሃ ምግብ ነው፤ ሥጋውን ሌላው ከወሰደ በኋላ የሚተርፍ ነው። እነሱ ግን አልደበቁትም። ቀለዱበት፣ ስም አወጡለት፣ ያለውም የሌለውም አብሮ ቆሞ በላው። ዛሬ ያቺን አገር ሊጎበኝ የሄደ ፈረንጅ ሁሉ ካሜራውን ይዞ የሚሮጠው ወደዚያው ነው።

አሁን ወደኛ እንምጣ። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የቱሪዝም ባለሙያ አይደለሁም። ግን ዓይንም ሆድም አለኝ።

ከኩታበር ልጀምር። አገራችን ደጋ ነው፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ወደ ደሴ የሚወስደውን መኪና ስትጠብቁ የምትገዙት ትኩስ ድንች ምግብ ብቻ አይደለም፣ ለእጅ ጓንትም ነው! በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ፌስታል ተደርጎበት እንፋሎቱን እንደያዘ ይመጣል። ይላጣል፣ ለሁለት ይገመሳል፣ ሚጥሚጣ ወይም ዳጣ ጣል ይደረግበታል። በቃ። በዚህ ዋጋ እንዲህ የሚያጠግብ ሌላ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ደሴ ስትገቡ ነገሩ ይበዛል። ፒያሳን ይዛችሁ ወደ ሰኞ ገበያ ስታቀኑ ቆሎ ሻጮቹን ታገኛላችሁ። የገብስ ቆሎ፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ለውዝ እንደየፍላጎታችሁ ተቀላቅሎ በሲኒ ይሰፈርላችኋል። ከስፍሩ በኋላ ደሞ ምርቃት አለች፤ ያቺን በእፍኝ የምትጨመረዋን ማለቴ ነው። ምርቃት የማትጨምር ቆሎ ሻጭ ደንበኛ የላትም። ይሄን የግብይት ጨዋነት በየትኛው ሱፐርማርኬት ታገኙታላችሁ? ቦምቦሊኖም አለ፤ ስሙን ከጣሊያን ያገኘነው፣ ጣዕሙን ግን የራሳችን ያደረግነው። ሳምቡሳም አለ፤ የሩቅ ዘመዱን ሕንድ አገር «ሳሞሳ» ይሉታል፤ ቃሉ መነሻው ፋርስ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ በሃምሳ ሳንቲም የገዛኋት ሳምቡሳ ዛሬ ዋጋዋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። ግን አሁንም ኪሱ የሳሳ ተማሪ ምሳውን የሚያሳልፍባት እሷው ናት።

ከሐረጎ ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ አየሩም ምግቡም ይቀየራል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ደሴ ላይ በእጃችሁ የሚሞቅ ነገር ስትፈልጉ ኮምቦልቻ ላይ የሚያረጥብ ነገር ትፈልጋላችሁ። ሸንኮራው ተልጦ፣ በክንድ ርዝመት ተቆርጦ ይጠብቃችኋል፤ ማንጎም አለ። የክረምቱ በለስ ሲደርስ ሻጩ ግራና ቀኙን ቆርጦ፣ ልጣጩን በአንድ ስንጥቅ ገልጦ ፍሬውን ብቻ ያቀብላችኋል፤ እናንተ እሾኩን ሳትነኩ ትበላላችሁ። ይሄ እጅ እውቀት ነው። (ከመጠን በላይ አትብሉ፤ ፍሬው ሆድ ያደርቃል። ይሄን እንደ ባዮሎጂ መምህር ነው የምናገረው!)

ወቅቱን ደሞ ተመልከቱ። በዝናብ ጊዜ ጃንጥላ ሥር፣ ከሰል ላይ የሚንጣጣ በቆሎ፤ ክረምቱ ሲወጣ የባቄላና የሽምብራ እሸት በእስር። ከተማ ያደገ ልጅ ወር መቀየሩን የሚያውቀው መንገድ ዳር በሚያየው ነው። ገበሬው ማሳ ላይ ምን እንደደረሰ ጉሊቷ ትነግረናለች።

«ባህላችን አይደለም» ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድንቹ፣ በቆሎው፣ በለሱና ሚጥሚጣው ሁሉ ዘራቸው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ድንችን ወደ አገራችን ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ነው የሚነገረው፤ ያውም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ታዲያ በቤት ውስጥ ወጥ ሲሆን ባህላችን፣ መንገድ ላይ ሲሸጥ ባህል ያልሆነው እንዴት ነው? ቆሎ ደሞ ከጥንትም የራሳችን ነው። የአብነት ተማሪውን እኮ «የቆሎ ተማሪ» ብለን የጠራነው እኛው ነን። ቆሎ እየቆረጠመ የተማረን ሰው አክብረን፣ ቆሎ የምትሸጠውን የምንንቀው በምን ሒሳብ ነው?

ከሁሉ በላይ ግን እኔ ይሄን ምግብ የምወድበት ምክንያት ሌላ ነው።

ወሎን ታውቋታላችሁ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ ለቅሶና ሠርግ አብሮ ውሎ የሚኖርባት አገር ናት። ሆኖም ሥጋ ሲመጣ ማን እንዳረደው ይጠየቃል፤ ለሠርግ ሲደገስ ድስቱ ለየብቻ ይጣዳል። ይሄ መከባበር ነው፤ ምንም ክፋት የለውም። ግን እስቲ መንገድ ዳር ያለውን ምግብ አንድ በአንድ ቁጠሩት። ድንች፣ በቆሎ፣ ቆሎ፣ እሸት፣ በለስ፣ ሸንኮራ፣ ቦምቦሊኖ። ሳምቡሳውም በብዛት የምስር ነው። «ማን አረደው?» የሚያሰኝ አንድም የለበትም። ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ይበላል፣ ሁዳዴም ቢሆን ይበላል። የፊሊፒንስ ጎዳና ሥጋና አንጀት ሲሆን የኛ ጎዳና እህልና አትክልት የሆነው ከድህነት ብቻ አይመስለኝም። ሁሉም ደንበኛ መሆን ስላለበት ነው። ለግማሹ ሰፈር ብቻ የሚሆን ምግብ ይዛ የወጣች ሴት ግማሽ ገበያዋን አጥታለች ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2 ገቡ። ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ከአንድ ምጣድ የወጣች የምስር ሳምቡሳ አንዱ ለአፍጥር ቤቱ ይዟት ሲሄድ፣ ሌላው ቅዳሴ ወጥቶ በጾም ምግብነት ሲበላት አይቻለሁ። አንድ ዘይት፣ አንድ ምስር፣ አንዲት ሴት፣ ሁለት ጾም። ስለ አብሮ መኖር በየስብሰባው ስንት ንግግር ሰምተናል! ከዚያች ምጣድ የበለጠ ያስረዳኝ ግን የለም።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ።

ከምጣዱ ጀርባ ያሉት እነማን ናቸው? እኔ የማውቃቸው በብዛት ሴቶች ናቸው። ባሏ የሞተባት አለች። ከገጠር መጥታ ሦስት ልጅ የምታስተምር አለች። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ ባዶ እጇን መጥታ በአንድ ምጣድ ኑሮ የጀመረች አለች። በ2014 ከጦርነቱ በኋላ ብዙው ሱቅ ገና እንደተዘጋ መንገድ ዳር ከሁሉ ቀድሞ ያየሁት ጭስ የነዚህ ሴቶች ጭስ ነው። ብድር አልጠበቁም፣ እርዳታ አልጠበቁም። ድንች ቀቅለው ወጡ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ «ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ያሉት ሻጮች ይነሱ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ቦታውንም ሰዎቹንም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቦታ ጉዳይ አይደለምና። የቀረበው ምክንያት ንጽህና ነው። እኔም እጄን አውጥቼ እንዲህ አልኩ፦ «ከሻጮቹ አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን እናት ናቸው። ደብተሩን የሚገዙለት በዚያ ድንች ነው። እሳቸውን ከበሩ ስናነሳ ልጁን ከክፍል እንዳናነሳው እንጠንቀቅ።» ቤቱ ጸጥ አለ። ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። እስከ ዛሬ እንደተላለፈ ነው፤ ስለዚህ ሴትዮዋ በየቀኑ ድንቻቸውን የሚያወጡት «ዛሬ ይሆን?» እያሉ ነው። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው ጠረጴዛ ይገዛል? መስታወት ያለው ሣጥን ያሠራል? ነገ ለምትባረርበት ቦታ ማን ገንዘብ ያወጣል? «ቆሻሻ ናቸው» የምንላቸውን ቆሻሻ ያደረገው አንዱ ነገር እኮ ራሱ ማባረሩ ነው።

ንጽህናውን በተመለከተ እንደ መምህር እውነቱን ልናገር። ታይፎይድ፣ አሜባና ጃርዲያ የሚተላለፉት በተበከለ ውሃ፣ ባልታጠበ እጅና በዝንብ ነው። ከሚፈላ ውሃ የወጣ ድንች ወይም ከሚንተከተክ ዘይት የወጣች ሳምቡሳ በዚያች ሰዓት ከብዙ ምግብ ቤት ሰላጣ ይልቅ አስተማማኝ ናቸው። አደጋው የሚመጣው ከእሳት በኋላ ነው። ብር የተቀበለው እጅ ድንቹን ሲልጥ፣ ዳጣው ክዳን ሳይኖረው ሲውል፣ ሳህኑ ጠዋት በተቀዳ አንድ ባልዲ ውሃ እስከ ማታ ሲነከር፣ የጠቆረ ዘይት ሳይቀየር ሲደጋገም። መጠቅለያውም አለ፤ አንዴ ራሴ ያረምኩት የፈተና ወረቀት ሳምቡሳ ተጠቅልሎበት ተመልሶልኛል! ልጁ ከ20 ስድስት ነበር ያገኘው። የቀለም ወረቀት ምግብ አይጠቀለልበትም፤ የልጅም ውጤት አደባባይ አይወጣም። አረንጓዴ ያደረገ ድንች ደግሞ ሶላኒን የሚባል መርዝ ስላለበት፣ መቀቀልም ስለማያጠፋው፣ አይሸጥ፣ አይገዛም።

ልብ በሉ፤ ከዘረዘርኳቸው አብዛኞቹ በቧንቧ ውሃ፣ በክዳን፣ በመቆንጠጫና በትንሽ ምክር የሚስተካከሉ ናቸው። በዱላ የሚስተካከል አንድም የለም።

ይሄ ሕልም አይደለም፤ የሠራው አገር አለ። ሲንጋፖር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መንገዶቿ በምግብ ሻጭ የተጨናነቁ፣ የንጽህና ችግር ያለባት ከተማ ነበረች። መንግሥት መጀመሪያ ሻጮቹን መዘገበ፤ ፈቃድ ሰጠ። ከ1971 እስከ 1986 ባሉት ዓመታት ደግሞ ውሃና ፍሳሽ ያላቸው የገበያ አዳራሾች እየሠራ አስገባቸው። በ2020 ዩኔስኮ የሲንጋፖርን የምግብ ሻጮች ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። አያችሁ? ሻጮቹን አላጠፋቸውም፤ ቦታ ሰጣቸው። የልጅ ልጆቻቸው ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ።

እኛም ከተሞቻችንን እያደስን ነው። በኮሪደር ልማት መንገድ ሲሰፋ፣ መብራት ሲተከል እኔ ደስ ይለኛል። እግረኛው መሄጃ ማግኘት አለበት፤ ግብር የሚከፍለው ባለሱቅ በሩ ላይ ሲዘጉበት ቅር ቢለው እውነት አለው። እሱን አልክድም። የምለው፣ ያን ሁሉ ፕላን ስትነድፉ ለድንቿም አንድ ጥግ ተዉላት ነው። እንዲህ ቢሆንስ፦

1ኛ. በየመናኸሪያው፣ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ አካባቢ የታወቀ፣ ጥላ ያለው ቦታ ይለይ። ሻጮቹ ይመዝገቡ፤ አቅማቸውን ያገናዘበ መጠነኛ ኪራይ ይክፈሉ። የሚከፍል ሰው መብት ይኖረዋል።

2ኛ. ለአሥር ሻጭ አንድ ቧንቧ ቢሆን እንኳ ይግባ። ውሃ ሳይሰጡ «ለምን አልታጠብሽም» ማለት ነውር ነው። ነውር የሚለው ቃል ትክክለኛ ቦታው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

3ኛ. ከጤና ጣቢያ ባለሙያ መጥቶ ግማሽ ቀን ያሠልጥናቸው። ብሩን አንዷ ትቀበል፣ ምግቡን ሌላዋ ትስጥ፤ ብቻዋን ከሆነች መቆንጠጫ ትጠቀም። እኛ መምህራንም በዚህ መርዳት እንችላለን። እኔ በነጻ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ የሚተባበረኝ ካለ ውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

4ኛ. እኛ ገዢዎች። እጃችንን እንታጠብ። ዳጣው ውስጥ የነከስነውን ድንች መልሰን አንንከር። ሻጯን «አንቺ» ብለን አንጩህባት፤ የእናታችን እኩያ ከሆኑ «እማማ»፣ ታላቃችን ከሆነች «እትዬ» እንበል። አምስት ብር ላይ ለመከራከር አምስት ደቂቃ የምንፈጅ፣ ካፌ ገብተን ለማኪያቶ ግን ሳንጠይቅ የምንከፍል ሰዎች ነን እኮ። ኧረ ተው!

ዓረብ አገር ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄ ለናንተም ነው። አብረዋችሁ የሚሠሩት ሰዎች «መንገድ ላይ ምን ትበላላችሁ?» ብለው ሲጠይቋችሁ አፍ ሞልታችሁ ንገሯቸው። ከብርድ የሚያድን ድንች አለን በሏቸው። ምርቃት ያለው ቆሎ አለን በሏቸው። ሙስሊምና ክርስቲያን ከአንድ ምጣድ የሚበላት ሳምቡሳ አለችን በሏቸው። አብሽሩ፣ ከአዲዳስና ከቤታማክስ አያንስም!

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። እናንተ ስትማሩ ከትምህርት ቤታችሁ በር ላይ ምን ነበር የምትገዙት? ከማን? ሴትየዋ ዛሬ የት ናቸው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ስማቸውን ሳይሆን ምግባቸውን ጻፉ። ምናልባት ዝርዝሩ ሲረዝም፣ ቢሮ ውስጥ ያለ አንድ የድሮ ተማሪ አንብቦት ድንች የበላበትን በር ያስታውስ ይሆናል።

ሰላም ለአገራችን! መልካም ሰንበት።